የእንጨት እጀታ

ይሁኔ ድሬሰር ነበር፤ የወህኒ ቤት ድሬሰር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ክኒን ያድላል፣ አዲስ የገባ እስረኛ ጸጉር ይላጫል። ቆቦ ላይ ግን ድሬሰር ብሎ የሚጠራው አልነበረም፤ እስረኛውም ዘበኛውም «ዶክተር» ነበር የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ዶክተር ብሆን እዚህ ምን እሠራለሁ?» እያለ ያርም ነበር። ኋላ ማረሙም ሰለቸው። ሰው የፈለገውን ብሎ ይጥራ።

ከቢቸና ሲመጣ «ለሁለት ዓመት ብቻ» ተብሎ ነበር። ያ በ1963 ነው። ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ ወጥቶ፣ ወህኒ ቤቱ ሦስት አለቃ ቀያይሮ፣ ይሁኔ እዚያው ነው። ሐምሌ በገባ ቁጥር የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል፤ መስከረም በጠባ ቁጥር «ምትክ ሲገኝ» የሚል መልስ ይመጣለታል። ምትክ ደግሞ አይገኝም፤ የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ወዶ ወህኒ ቤት የሚገባው? ሚስቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ያሉት ቢቸና ነው። በዓመት አንዴ ሄዶ ያያቸዋል። ባለፈው ሲሄድ ታናሿ በር ላይ ቆማ አየችውና ወደ ውስጥ ዞራ «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል» አለች። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የቆቦ ሙቀት ይበልጥ ከበደው።

ሥራው ማለቂያ የለውም። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ነው፣ በጋው እከክ ነው፣ መኻል ላይ ደግሞ ከቅማል የሚመጣው ግርሻ አለ። ዛሬ ያዳነው ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይታመማል። ከዚህም የባሰው ግን ሌላ ነው፤ አክሞ፣ አወፍሮ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ተብሎ የሸኘው እስረኛ በዓመቱ እጁን ታስሮ በዚያው በር ሲገባ ማየት ነው። አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ የዞብልን ተራራ እያየ «ኧረ እኔ ምንድን ነው የምሠራው?» ይላል። ሰዎቹ ድነው፣ ጉልበት አግኝተው፣ ሄደው ደግመው እንዲያጠፉ ነው?  ወደ ውስጥ ይመለስና መርፌ ይቀቅላል።

ከሚመላለሱት ሁሉ ቀንደኛው አሊ ነው። ዘበኞቹ «አቶ ተመላላሽ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ከዋጃ በታች ካለ መንደር የመጣ የራያ ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሰው ሲመጣ ከመንገድ ገለል ብሎ የሚያሳልፍ። መጀመሪያ የገባው የአጎቱን ልጅ በዱላ ፈንክቶ ነው። ሁለተኛ የገባው የጎረቤቱን ክንድ በጊሌ ተልትሎ ነው። ጊሌ የቆላው ወንድ ከወገቡ የማያወልቀው ጩቤ ነው፤ ያለ ጊሌ ገበያ የወጣ ጎበዝ ራቁቱን እንደወጣ ይቆጠራል። በ1971 መጋቢት ላይ ሦስተኛ ጊዜ ሲገባ ግን ነገሩ ከፍቶ ነበር። ዋጃ ላይ ዘይኑዲን የሚባል እህል ነጋዴ በገዛ መደብሩ ውስጥ ጎኑን ወግቶት፣ ዘይኑዲን በአላህ ሥራ ተርፏል። አምስት ዓመት ተፈረደበት። ዳኛው «ለምን ወጋኸው?» ቢለው አሊ ትንፍሽ አላለም። በሦስቱም ክስ አንድ ቃል አልተናገረም።

«አራተኛ ከሠራ ሬሳ ነው የሚኖረው» አለ የወህኒ ቤቱ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ ጋሹ። «ወይ እሱ ይገድላል፣ ወይ የሟች ወገን እሱን ይገድለዋል። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ፤ ደም የለመደ እጅም እንደዚያው ነው።»

ጋሹ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገርን አሳጥሮ መጨረስ የሚወድ ሰው ነበር እንጂ።

ይሁኔ እንደ ደንቡ አሊን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ላጨው። ጸጉሩን፣ ጺሙን፣ ቅማል ሊደበቅበት የሚችለውን ሁሉ። ሪዙን ሲላጭ ምላጩ ሻካራ ነገር ነካ። ጠጋ ብሎ አየ፤ የእሳት ጠባሳ ነው። አንድም አይደለም፣ ከአፍንጫው ሥር ጎን ለጎን ሦስት ነው። ሁለቱ የቆዩ፣ አንዱ ገና ቀይ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል ዶክተር። ልጅ ሆኜ እሳት ዳር ወድቄ ነው።»

«ይኼ ቀዩም በልጅነትህ ነው?»

አሊ ለምላጩ አገጩን ቀና አደረገ። ይሁኔም አልገፋበትም። ተራ የሚጠብቁ ስምንት እስረኞች ነበሩ፣ ወገቡም ደክሞታል። ያን ዕለት ምሳውን ሲበላ ግን መቁጠር ጀመረ። ሦስት ጊዜ ታሰረ፣ ሦስት ጠባሳ። ይህን ሰው ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በገዛ እጁ ላጭቶታል። ሁለቱንም ጊዜ አላየም። ዓይኑ ስላልሠራ አይደለም፤ ሰው ማየት ስለሰለቸው ነው። አፈረ።

ነገሩ የተገለጠው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስረኞቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ውኃ ሲቀዱ አሊ ድንገት ጮኸና ወደቀ። አፉ አረፋ ደፈቀ፣ እጅ እግሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሰልፈኛው ባልዲውን እየጣለ ሸሸ። አረፋው የነካው ሰው እሱም ይጥለዋል ይባላል፤ ከነፍሰ ገዳይ ጋር አንድ ሰሌን ላይ የሚተኛው ጎበዝ ሁሉ ከአረፋ ሸሸ። አንድ ዘበኛ ብቻ ቀረ፣ እሱም ደግ ስለሆነ ነው። ሮጦ መጣና ክብሪት ጭሮ የሚነደውን እንጨት ከነጭሱ ወደ አሊ አፍንጫ አስጠጋ። የሚጥለው ሰው በክብሪት ሽታ ይነቃል፤ ይህን የማያውቅና የማያደርግ ሰው በአገሩ የለም።

ይሁኔ ከክፍሉ ሲወጣ የታየው ክብሪቱ ነው። ሦስቱ ጠባሳዎች መልስ አገኙ። «ተው! ተው!» እያለ ሮጠ። ክብሪቱን ከዘበኛው እጅ መትቶ ጣለ፣ አሊን በጎኑ አስተኛው፣ ጋዋኑን አውልቆ ከራሱ ሥር አደረገለት። ቆይቶ መንዘፍዘፉ ቆመ። አሊ ዓይኑን ገለጠ፤ ዓይኑ ግን ይሁኔን አያይም ነበር። ቀኝ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፣ ጊሌ ወደሚታጠቅበት። እዚያ ምንም የለም። እጁ ተጨብጦ ተመለሰና ይሁኔን ጉንጩ ላይ አሳረፈበት። አንድ ጥርሱ ተነቃነቀ።

አሊ በደንብ ሲነቃ ምን ሆንኩ ብሎ አልጠየቀም።

«ማንን መታሁ?» ነው ያለው።

የመንግሥት ሠራተኛ መምታት ራሱን የቻለ ክስ ነው። ጋሹ ወረቀትና እስክሪፕቶ ይዞ መጣ። ይሁኔ ያበጠ ጉንጩን ይዞ «በር ገጭቶኝ ነው» አለ።

«ዘበኛው አየሁ ይላል እኮ።»

«ዘበኛው ክብሪት ሲጭር ነበር፤ ምኑን አየው?»

ጋሹ ጉንጩን አየ፣ በሩን አየ፣ ወረቀቱን አጠፈ። «እንግዲህ በራችን እጅ አውጥቷል ማለት ነው» ብሎ ሄደ። ለእስረኞቹና ለዘበኞቹ ደግሞ፣ እንዳይርቁት ብሎ፣ ይሁኔ «ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ነው» አላቸው። አመኑት፤ ወባ በቆላው የማይሠራው ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ የመርፌ ክፍሉን ዘግተው ተቀመጡ። አሊ ያበጠውን ጉንጭ ላለማየት መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ነው» አለ። «መጀመሪያ ጆሮዬ ይጮኻል። ከዚያ እኔ የለሁም። ስመለስ አፌ ላይ እሳት አለ፣ ከላዬ ሰው አለ። ጠላት ነው የሚመስለኝ። ወላሂ ዶክተር፣ እጄ ከኔ በፊት ነው የሚነቃው። ማን እንደሆነ የማውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ዘይኑዲን አብሮ አደጌ ነው፤ ሊረዳኝ ነው የመጣ። ፍርድ ቤት ሲጠየቅ እንኳ ‹ተጣልተን ነው› ብሎ ነውሬን ሸሸገልኝ፤ የፊተኞቹም እንደዚያው።»

«ታዲያ አንተስ? ሦስት ጊዜ ዳኛ ፊት ቆመህ ‹በሽተኛ ነኝ› ማለት አቃተህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?»

አሊ ቀና አለ። ያ ለስላሳ ሰው ተቆጣ።

«ደም አፍሳሽ ይበሉኝ እንጂ የሚጥለው አይበሉኝ! ሰው የወጋ ወንድ ታስሮ ይወጣል፣ ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል፣ ልጅም ይሰጡታል። የሚጥለውን ማን ከማዕድ ይቀርበዋል? ማን ልጁን ይሰጠዋል? እኔ አምስት ዓመቴን እዚህ እጨርሳለሁ፤ ይኼን ግን ከዚህ ክፍል እንዳያወጡብኝ፣ በአላህ ይሁንብዎ።»

ይሁኔ ሊቆጣው አስቦ ነበር፤ አልቻለም። ሰውየው ለስሙ ሲል ሦስት ሰው አድምቷል፣ የራሱንም ወጣትነት በወህኒ ቤት ጨርሷል። ሞኝነት ነው። ግን በዚያ አገር ሆኖ ሌላ ምን ይምረጥ ነበር? አንጀቱን በላው።

መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል ይባላል፤ ትንሽ ነጭ ክኒን ናት፣ ማታ ማታ የምትዋጥ። ይሁኔ በእስረኛው ስም ለደሴ ጤና ጥበቃ ቢሮ ጻፈ፤ ከሁለት ወር ልመና በኋላ መጣ። አሊ መውሰድ ከጀመረ ወዲያ አንዴም አልወደቀም። ፋሻ ያጥባል፣ ባልዲ ይሸከማል፣ በመሠረተ ትምህርቱ ፊደል ቆጥሮ ስሙን መጻፍ ቻለ። ከሁለት ዓመት በላይ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ጋሹ «ዕድሜ አበረደው» ይል ነበር።  ያበረደው ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የ1974 መስከረም ሁለት፣ የአብዮት በዓል፣ ምሕረት መጣ። ጋሹ የሚፈቱትን ስም ሲያነብ አሊ አለበት። ግቢው እልል አለ። ይሁኔ ግን እልል አላለም፤ ክኒኗ የምትመጣው ለታሳሪ ብቻ ናት። ዛሬ የተፈታ ሰው በወሩ መድኃኒቱ ያልቃል፣ በሁለተኛው ወር ይወድቃል፣ አንድ ደግ ሰው ክብሪት ይጭራል። ወደ ጋሹ ቢሮ ገባ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አሊን ትንሽ ቢያቆዩት...»

«ምን አደረገ?»

«ምንም። ሕክምናውን አልጨረሰም።»

ጋሹ መነጽሩን አወለቀ። «አቶ ይሁኔ፣ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ ልመና ሰምቻለሁ። እስረኛ እንዳይፈታ የሚለምን ሐኪም ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ይሁኔ ፊቱ ቀላ። እውነቱን ነው። ሰውን ለማዳን ብሎ ሰውን በእስር ማቆየት እስኪታየው ድረስ እሱም የወህኒ ቤቱ ግንብ ሆኗል ማለት ነው። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

እናትየው ልጃቸውን ሊወስዱ በማግስቱ ከዋጃ መጡ። እማማ ሙሚና ይባላሉ፤ ትንሽ፣ ጠይም፣ ፈጣን ሴትዮ ናቸው። ይሁኔ ሁለቱን ወደ ክፍሉ አስገብቶ የአንድ ወር ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠና ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳ። ክኒኑ አንድ ቀን መታጎል የለበትም። አሊ በየወሩ በመጀመሪያው ሰኞ፣ በቆቦ ገበያ ቀን፣ ወህኒ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ይቀበላል። በደንቡ አይፈቀድም፤ ይሁኔ ግን በሐምሌና በነሐሴ ሲያብቃቃ ያስተረፋት አለች፣ ሌላም ይለምናል። ከወደቀም በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ መጠበቅ ብቻ ነው።

«ክብሪት ደግሞ ፈጽሞ!» አለ። «ክብሪት አይቀሰቅሰውም፤ ያቃጥለዋል እንጂ። ሰው የሚያስመታውም እሳቱ ነው።»

እማማ ሙሚና የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። «የመጀመሪያዋን ክብሪት የጫርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከሦስቱም ጠባሳዎች በፊት። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። እጄን ነክሶኝ ነበር፤ ጅን ነው አልኩ።»

 ቀጥሎ ከባዱ ነገር መጣ። ሲፈታ ንብረቱ ይመለስለታል፤ ከንብረቱም ውስጥ ጊሌው አለ።

«እኔ ጋ ይቀመጥ» አለ ይሁኔ።

«አይሆንም ዶክተር።» አሊ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ያለ ጊሌ ምኑን ወንድ ሆንኩ? ሰውስ ምን ሆነህ ነው አይለኝም?»

ተከራከሩ። አሊ ለመነ፣ ተቆጣ። በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ነው። ከማገዶው ክምር አንድ የወይራ ቁራጭ አንስቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲጠርብ ዋለና የጊሌ እጀታ አወጣ። አፎቱ አፍ ላይ ወትፎ ታጠቀው። ከሽርጡ በላይ እጀታው ይታያል፣ አፎቱ ይታያል፣ ውስጡ ስለት የለም። ጊሌው በይሁኔ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሐምራዊው የቁስል ቀለም፣ ከጂቪው ጠርሙስ ኋላ ተቀመጠ። አሊ በር ላይ ደርሶ ቆመና እየደባበሰ «ቀሎኛል» አለ፤ ደስ ብሎት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አሊ ሰኞውን አላጎደለም። በር ላይ ቆሞ ክኒኑን ይቀበላል፣ ከማሽላው እሸት፣ ከከብቱ ቅቤ ያመጣል፣ ይሄዳል። አልወደቀም። ከዘይኑዲን ጋር ታረቀ። በሚያዝያ ሲመጣ ፊቱ በርቶ «ልጅ ሰጡኝ ዶክተር! ለሰኔ ኒካህ ይታሰራል» አለ። ይሁኔ ትከሻውን መታ አደረገው። የዚህ ሥራ ፍሬ ተመልሶ የማይመጣ ሰው ነው፤ ፍሬው አይታይም፣ አይቆጠርም፣ ማንም አያመሰግንበትም። እሱ ግን አንዱን በዓይኑ እያየው ነው።

ግንቦት ላይ ሌላ ነገር መጣ። ዝውውሩ ተፈቀደ። ቢቸና! ይሁኔ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ መርፌ የሚቀቀልበት ምድጃ አጠገብ ቁጭ አለና አለቀሰ። «እንግዳ መጥቷል» ያለችው ልጅ ዓይኑ ላይ መጣች። በዚያው ዓይኑ ላይ አሊም መጣ፤ ምትክ የሚመጣው መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ ቢመጣም ለተፈታ ሰው በር ላይ ክኒን ይሰጣል ብሎ ማን ይተማመናል?

መንገዱ አንድ ብቻ ነው። የከተማው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን እንደ ማንኛውም በሽተኛ ሊያስመጣለት ይችላል፤ ለዚህ ግን ከገበሬ ማኅበሩ ስለ በሽታው የሚገልጽ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚጽፈው ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ አወቀ ማለት ዋጃ አወቀ ማለት ነው።

«ከኒካሁ በፊት?» አለ አሊ ሲነገረው። «አላደርገውም። ከኒካሁ በኋላም አላደርገውም።»

«እኔ ልሄድ ነው እኮ አሊ።»

«ይሂዱ። ልጆችዎ ይጠብቁዎታል። እኔን አላህ ያውቃል።»

ይሁኔ እስከ ሰኔ አሳምነዋለሁ ብሎ ተወው። ክሊራንስ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይበቃኛል ብሎ ሐሙስ ዕለት ወደ ደሴ ሄደ፤ ለሰኞ ገበያ ይመለሳል። የደሴው ቢሮ ግን «ፈራሚው የለም»፣ «ማኅተሙ ተቆልፎበታል»፣ «ነገ ና» እያለ አሥራ ሰባት ቀን አቆየው። መጀመሪያው ሰኞ ሲያልፍ ተነስቶ ሊመለስ ዕቃውን ያዘ። ከዚያ ቢቸናን አሰበና ዕቃውን መልሶ አስቀመጠ። አንድ ቀን ብቻ፣ አለ። ነገ ይፈርማሉ። እንዲህ እያለ አሥራ ሰባት ቀን ሞላ። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ዕቃውን መልሶ ስላስቀመጠባት ቀን ስንት ጊዜ እንዳሰበ እሱ ነው የሚያውቅ።

ፈርመውለት እሑድ ማታ ቆቦ ሲገባ የበሩ ዘበኛ «ያ ተመላላሽ ሁለት ሰኞ መጣ» አለው። «ነፃ ሰው ወህኒ ቤት ምን አለው ብዬ አባረርኩት።» ዘበኛው ጥሩ የሠራ መስሎት ነው።

ይሁኔ እንቅልፍ አልወሰደውም። ይህ ክኒን ድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ እንደሚመጣ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ክኒኑን ኪሱ ከትቶ ወደ ዋጃ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ሲወጣ በሩ ላይ አሊንና እናቱን አገኛቸው። አሊ ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሟል። ሲገልጠው የላይኛው ከንፈሩ ላይ ትኩስ ቁስል አለ። አራተኛው።

ይሁኔ «ማንን?» አለ።

«እንግባና ይንገርህ፣ ልጄ» አሉ እማማ ሙሚና።

ክፍሉ ውስጥ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። አሊ የወደቀው በዋጃ ገበያ መኻል ነው፤ እሳቸው በርበሬ ሲሸጡ ጩኸቱን ሰሙ። ሲደርሱ ክብሪት የያዘ እጅ ከየአቅጣጫው መጥቷል፣ አንዱ አስጠግቶታል። «ላዩ ላይ ወደቅሁበት» አሉ። «ፊቱን በደረቴ ሸፈንኩና ጮኽኩ። ‹ክብሪት አታምጡ! ልጄ የሚጥለው ነው፣ በሽተኛ ነው!› አልኩ። አሥራ አራት ዓመት የሸሸግሁትን በአንዴ ለገበያው ሁሉ ዘረገፍኩት።»

«እጄ ሄዶ ነበር ዶክተር» አለ አሊ። እጀታውን ከአፎቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እንደ ድሮው ከኔ በፊት ነቅቶ፣ መዝዞ፣ ወግቷል። ስነቃ የጨበጥኩት እንጨት ነው። ከላዬ ያለችው ደግሞ እናቴ ነች።»

«ትንሽ ሰንበር ነው እኮ» አሉ እማማ ሙሚና ቸኩለው።

ይሁኔ እንዲያሳዩት ለመናቸው። እያፈሩ የቀሚሳቸውን ጎን ከፍ አደረጉ። ሰንበሩ በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ሥር ነው፤ ክብ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ የእጀታዋን ጫፍ የሚያህል። ይሁኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ የተወጋ ሰው ሁለት ጊዜ ገጥሞታል። ሁለቱንም ፋሻ ጠምጥሞ አጠገባቸው ከመቀመጥ በቀር ያደረገላቸው ነገር አልነበረም። ቅባት ቀባላቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ደሴ የቆየሁት ለራሴ ነው።» 

አሊ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም አለበት። «የሚጥል በሽታ ያለበት ስለሆነ ሕክምና እንዲደረግለት» ይላል። ከሥሩ አሊ በራሱ እጅ፣ ወህኒ ቤት በተማረው ፊደል ስሙን ጽፏል።

«የልጅቱ ወገኖች ቅዳሜ ሰው ላኩ» አለ። «ኒካሁ ቀርቷል። ሰው ወግቼ ታስሬ ስወጣ ልጅ ሰጡኝ። ማንንም ሳልወጋ ነሱኝ።»

ይሁኔ ተነሳ። ሰውየውን ለማዳን ሲደክም የኖረው ለዚህ ነበር? ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ጊሌውን ከጠርሙሶቹ ኋላ አወጣና ያዘው። አሊ እጁን አልዘረጋም።

«ቢቸና ይውሰዱት» አለ። «እኔ ይቺ ትበቃኛለች።» የወይራ እጀታዋን አንስቶ ወደ አፎቷ መለሳት።

እማማ ሙሚና ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተነሱ። የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«ልጅቱ ሄደች» አሉት። «እኔ ግን አለሁ። አሊ፣ እየኝ እስኪ። አለሁ።»

ይሁኔ ኪሱ የከተተውን ክኒን ለአሊ ሰጥቶ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ጤና ጣቢያው በሽተኛ ሳይበዛበት ብለው ሦስቱም ወጥተው ሄዱ።